«ጥሩ ሰው ነው» የሕክምና ፈቃድ አይደለም



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የራሴም አለበት።

አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ በመስጂዳችን ዙሪያ ልብስ ስፌት ላይ የሚሠሩ ብዙ ልጆች ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ቤተሰባቸው ሩቅ ነው። ሲያማቸው «ኡስታዝ፣ የት ልታከም?» ብለው የሚጠይቁት እኛን ነው። ቀን ወረፋ ይዘው ከዋሉ ደመወዛቸው ይቆረጣል። ስለዚህ ማታ ማታ የሚያክም አንድ ሰው ዘንድ እልካቸው ነበር። ሰውየው ሱብሒ ጀመዓ አያመልጠውም፤ ሁሌም አንደኛው ሶፍ ላይ ነው። ድሃ ሲመጣ ገንዘብ አይቀበልም። ሁላችንም «ዶክተር» እንለው ነበር። ዶክተርነቱን ከየት እንዳገኘው ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

አንዲት እህታችን ትኩሳት ይዟት ከሥራ ስትወጣ እሱ ዘንድ ላክኋት። መቀመጫዋ ላይ መርፌ ወጋት፤ ወዲያው እግሯን እንደ ኤሌክትሪክ ነዘራት። በማግስቱ ቀኝ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በታች አልታዘዝ አላት። ሆስፒታል ስንወስዳት መርፌው የእግሯን ነርቭ እንደጎዳው ነገሩን። የስፌት ማሽኗን ፔዳል የምትረግጠው ደግሞ በዚያው እግሯ ነው። ሥራዋን አጣች።

ሰውየውን ስንጠይቀው የሙያ ፈቃድ እንደሌለው አመነ። «ለአላህ ብዬ ነው የማደርገው» አለ። ወላሂ፣ የሚዋሽ አልመሰለኝም። ግን ጥሩ ኒያ ነርቭ የት ቦታ እንደሚያልፍ አያሳይም።

የአገራችን ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የጤና ባለሙያ ሳይመዘገብና ፈቃድ ሳይኖረው እንዳይሠራ ይከለክላል። ክሊኒኩም የራሱ የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ያለ ፈቃድ ማከም በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ጤና ሚኒስቴር አዲስ ተመራቂዎችን የሙያ ፈቃድ ፈተና ማስፈተን ጀምሯል። ዲግሪ መያዝ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ፈቃድ ያለውም ቢሆን የሚሠራው በሙያው ልክ ነው፤ የነርስ ፈቃድ የያዘ ሰው እንደ ሐኪም ቀዶ ሕክምና አይሠራም።

አንዳንዶቻችን ይህን የመንግሥት ቢሮክራሲ ብቻ አድርገን እናየዋለን። ነገር ግን ሕክምና ሳይታወቅለት ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ዷሚን፣ ማለትም ተጠያቂ እንደሆነ ከነቢዩ ﷺ የተላለፈው ሐዲስ አቡ ዳውድ ዘንድ ይገኛል። በ319 ዓመተ ሒጅራ ባግዳድ ውስጥ አንድ ሰው በሐኪም ስህተት ሲሞት ኸሊፋው አል-ሙቅተዲር ሲናን ኢብን ሳቢት ያልፈተነው ማንም እንዳያክም አዘዘ። ከ860 በላይ ሰዎች ተፈተኑ። ሲናንም ለእያንዳንዱ ምን ዓይነት ሕክምና መስጠት እንደሚችል ለይቶ ፈቀደለት።

እኛስ መድረሳ ውስጥ እንዲሁ አይደለንም? ኢጃዛ የሌለውን ሰው ቁጭ ብለን ኪታብ አንቀራበትም፤ «ማን ዘንድ ቀራህ?» ብለን እንጠይቃለን። ለኪታብ የጠየቅኩትን ለሰው ገላ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ወጣቶች ሆይ! «ፈቃድ አለህ ወይ?» ማለት ሱኡዘን አይደለም። ክሊኒክ ስትገቡ ግድግዳው ላይ የብቃት ማረጋገጫውን ፈልጉ። የሚያክማችሁን ሰው ስሙንና ሙያውን ጠይቁ፤ ዶክተር ነው? ጤና መኮንን ነው? ነርስ ነው? እውነተኛ ባለሙያ በዚህ አይቆጣም። ከተጠራጠራችሁ ለጤና ቢሮ ጠቁሙ። እኛ መስጂድ ውስጥ ያለን ደግሞ ሰው ስንልክ የምንልክበትን ቦታ አስቀድመን እንወቅ። የእኛ ቃል ለእነዚህ ልጆች ምስክርነት ነውና።

እህታችን አሁን ፊዚዮቴራፒ ትመላለሳለች፤ እግሯ በጥቂቱ መንቀሳቀስ ጀምሯል፣ አልሐምዱሊላህ። ዐፉ እንድትለኝ ስጠይቃት ያለችኝ ግን ከጆሮዬ አይጠፋም፦ «ኡስታዝ፣ እርስዎ ስላሉኝ እኮ ነው የሄድኩት።»

አላህ ሙሉ ሺፋ ይስጣት፤ እኛንም አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን።