ተራ ቁጥር 32

የቴሌግራም ግሩፓችን ስም «የ98 ልጆች» ይባላል። የከፈተው ያኔ የክፍላችን አለቃ የነበረው፣ አሁን ሐዋሳ የሚኖረው ልጅ ነው። ግሩፑ ከተከፈተ አራት ወር አልሞላውም፤ የቲሸርታችን ቀለም ሰማያዊ ይሁን ወይስ ቡኒ በሚለው ብቻ ሁለት ሌሊት ሙሉ ተጨቃጭቀንበታል። በ1998 ዓ.ም. ቦሬ ላይ 10ኛ ክፍል የተፈተንን ልጆች 20ኛ ዓመታችንን በአንድ ላይ ልናከብር ነው። ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ መዋጮ ተቆርጧል፣ የሚሸለሙ የድሮ መምህራን እየተፈለጉ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ሥራ ስም ማሰባሰብ ነው። «አንቺ ምንም አትረሺም» ተብዬ ተመረጥኩ። እውነት ነው፣ አልረሳም። ችግሩም እሱ ነው።

ቦሬን የማታውቁ ትኖራላችሁ። ከአዲስ አበባ 385 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ርቃ፣ ከሐዋሳ በሀገረ ሰላም በኩል ሽቅብ ተወጥቶ የምትገኝ የጉጂ ደጋ ከተማ ናት። መንገዱ ከእሷ አልፎ ቁልቁል ወደ አዶላ፣ ከዚያም ወደ ነጌሌ ይወርዳል። ነጌሌ ሲባል ሰው ሁሉ የሚታየው ግመልና ግራር፣ ሙቀትና አቧራ ነው። እኛ ዘንድ ግን ጉም ነው። ረፋዱ ድረስ ከፊት ለፊት የሚሄደውን ሰው የሚሰውር ጉም፣ ገብስ፣ እንሰት፣ ቀርከሃ፣ ጭቃ።

እናቴ መኪና መቆሚያው አጠገብ ሻይ ቤት ነበራት። የነጌሌው አውቶቡስ ሲደርስ፣ ለቆላ ለብሰው የተነሱት መንገደኞች በነጠላ ጫማና በስስ ሽርጥ እየተንቀጠቀጡ ይወርዳሉ። ቦረናውም፣ ሶማሌውም፣ የሻኪሶ ወርቅ ቆፋሪውም ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ እሳቱ ዳር ይኮለኮላል። እናቴ ታዲያ «ሻይ ከምሸጥ ጃኬት ብሸጥ እስካሁን ፎቅ ሠርቼ ነበር» ትል ነበር። የጃኬት ነገር በኋላ ይመጣል።

9ኛ ክፍል የገባነው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ፕላዝማ በመጣበት ዓመት። የዘመኑ ልጆች ይህን አታውቁትም። ክፍላችን ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል። እኛ እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮምኛ ተምረን የመጣን ልጆች ነን። የፕላዝማዋ መምህርት በማይጨበጥ እንግሊዝኛ ታስረዳለች፣ ጥያቄ ትጥላለች፣ ሰዓት ትቆጥራለች። ከዚያ ማንም አፉን ሳይከፍት «በጣም ጥሩ!» ትለናለች። ሰባ ምናምን ልጅ እርስ በርስ ይተያያል። የራሳችን መምህር በቀረችው አምስት ደቂቃ ውስጥ የሮጠውን ሁሉ ሊመልስልን ይታገላል። መብራት የጠፋ ቀን ግን ደስታ ነበር፤ ጠመኔ ይነሳል፣ ትምህርት ይገባናል።

ፕላዝማዋን የምትቀድም አንዲት ልጅ ግን ነበረች።

ስሟን እዚህ አልጽፍም። በስም ጥሪ እኔ 31፣ እሷ 32 ነበርን። አንድ ዴስክ ላይ ነው የምንቀመጠው። የመጣችው ከገጠር ነው፤ ቤቷ ከከተማው የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል። ከሌሎች ሁለት ሴት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማር ነበር። ቅዳሜ ወደ ቤቷ ሄዳ፣ እሑድ ማታ የሳምንቱን ስንቅ አዝላ ትመለሳለች። ቆጮ፣ የገብስ ቆሎ፣ አንዳንዴ በትንሽ ዕቃ ቅቤ። ሐሙስ ላይ ቆሎው ያልቃል። ዓርብን እንዴት እንደምትውል ጠይቄያት አላውቅም።

አንዱን ደብተር ከፊት ለሒሳብ፣ ከኋላ ገልብጣ ለፊዚክስ ትጠቀምበታለች፤ ሁለቱ መሀል ላይ ሲገናኙ ዓመቱ ያልቃል። ሒሳብ ለእኔ ሞቴ ነበር። ኤክስ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ያስረዳችኝ እሷ ናት። «ማታ ከብት ሲገባ ትቆጥሪያለሽ» አለችኝ። «አንዷ ትጎድላለች። ያቺ የጎደለችው ናት ኤክስ። ስንት እንደነበሩና ስንት እንደገቡ ካወቅሽ ታገኛታለሽ።» እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ከብት ቆጥሬ አላውቅም። ግን ገባኝ። ዛሬ በሒሳብ ሙያ ነው የምተዳደረው ብላችሁ ማን ያምናል?

አሁን ወደ ጃኬቱ።

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዛሬ የለም። ያኔ ግን መንገድ የሚለየው እሱ ነበር፤ ያለፈ ወደ መሰናዶ፣ ቀሪው እንደ ዕድሉ ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ ቤቱ። ፈተናው በግንቦት መጨረሻ ነው፤ እኛ ጋ ዝናብ ነው። ከፈተናው በፊት ባለው ሳምንት ጓደኛዬ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ቅዳሜ ለስንቅ ብሄድ ወንዙ ሊሞላብኝ ይችላል። እናትሽን ጠይቂልኝ፤ የፈተናውን ሳምንት እናንተ ጋ ልደር።»

እናቴ እንግዳ የማትጠላ ሴት ናት። ብጠይቃት የምትመልሰውን አውቃለሁ፤ «ይኼም ይጠየቃል እንዴ?» ነው የምትለው። እኔ ግን በዚያ ሳምንት እናቴን አኩርፌ ነበር። በሞያሌ በኩል የገባ ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ ቀይ ጃኬት አሳይቶኝ፣ እሷ ዋጋውን ሰምታ «ለዚህ ዓመት ይለፈን» ብላኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አላናገርኳትም። አናግሬያት ብለምናት የተሸነፍኩ መሰለኝ። የ16 ዓመት ልጅ ኩራት ምን ዓይነት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ዓርብ ዕለት ጓደኛዬ «ምን አለችሽ?» ስትለኝ «ቤቱ ጠባብ ነው አለች» አልኳት።

«ግድ የለም» አለችና ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ሄደች።

ሒሳብ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነበር። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶውን ዋለ። ፈታኙ ስም ጠራ፣ ደግሞ ጠራ፣ ምልክት አድርጎ አለፈ። ከሰዓት በኋላ ስንወጣ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ሆና በሩ ላይ ቆማ አየኋት። ወንዙ ሞልቶ ሌሊቱን ማዶ አድራለች። የቀሩትን ፈተናዎች ተፈተነች። ውጤት ሲመጣ ግን ለመሰናዶ አልበቃላትም። ሒሳብ ያልተፈተነችው ሒሳብ አዋቂ! እኔ አለፍኩ፤ እሷ ያስጠናችኝን ይዤ አለፍኩ። ሐዋሳ ሄድኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በሚቀጥለው ዓመት አገባች ሲሉ ሰማሁ። ሠርጓ ላይ አልተገኘሁም።

አሁን የስም ዝርዝሩን ስሠራ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ግሩፑ ውስጥ 41 ሰው ገብቷል፤ አርባ አንዳችንም መሰናዶ የገባን ነን። ማንም ሆን ብሎ ያደረገው አይደለም። አንዱ የሚያውቀውን አስገባ፣ ያ ደግሞ የሚያውቀውን፤ በዚያው ተዘጋ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ተብሎ አገር ሲደነግጥ ትዝ ይለኛል። ስለ 3.3ቱ ብዙ ተወራ። የተቀሩት ማታ ቤታቸው ገብተው ምን እንዳሉ የጠየቀ ሰው እምብዛም አልሰማሁም። እኛም ቲሸርት ስናማርጥ ሰባ ምናምን የነበረው ክፍል እንዴት 41 እንደሆነ አንድ ሰው አልጠየቀም። እኔም ጭምር።

እናቴ ዛሬም ቦሬ ናት፤ ሻይ ቤቱን ትታለች። ደወልኩላት።

«ያቺ አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ... የት እንዳለች ታውቂያለሽ እማዬ?»

«እንዴ! እሷማ እዚሁ ናት። ገበያ ላይ ገብስ ትሸጣለች። ባየችኝ ቁጥር ስላንቺ ትጠይቀኛለች።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ስልኳን ሰጠችኝ። ለመደወል አራት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ልጄ ትምህርት ቤት በሄደችበት፣ ባለቤቴ ሥራ በወጣበት ሰዓት ሳሎን ቁጭ ብዬ ደወልኩ። ኦሮምኛዬ ዝጎ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር በልቤ ስደረድር እሷ ቀደመችኝ። እናቴ ነግራት ኖሯል።

«አካም ጅርታ፣ ሠላሳ አንድ?»

ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ስለ ልጆች ተጠያየቅን። አራት አላት፤ የመጀመሪያዋ 11ኛ ክፍል ናት። የእኔ 7ኛ መሆኗን ስነግራት «ዘገየሽ» አለችኝ። ከዚያ ሃያ ዓመት ያደረውን ነገር እንደምንም አወጣሁት። «እናቴ አልከለከለችሽም ነበር። እኔ አልጠየቅኳትም።»

ከወዲያ የገበያ ጫጫታ ይሰማኛል። አንድ ሰው ዋጋ ጠየቃት፣ መለሰችለት፣ ተከራከሩ። ሄዷል መሰለኝ ተመለሰች።

«አውቃለሁ» አለች። «የፈተናው መጨረሻ ቀን እናትሽ ጠርታ ሻይ ሰጠችኝ። ‹ምነው ልጄ፣ ሳምንቱን እኛ ጋ ብታድሪ ምን ነበረበት?› አለችኝ። ያኔ ገባኝ።»

«ምንም አላልሽኝም እኮ!»

«ምን ልበልሽ? ተናድጄ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ተናድጄ ነበር። ከዚያ ልጅ ወለድኩ፣ ጊዜ አጣሁ።» ትንሽ ዝም ብላ «በሒሳብ ስንት አመጣሽ?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«ጥሩ አስተምሬሻለሁ» አለች።

አሁን የእህል ነጋዴዎቹን መዝገብ የምትይዝላቸው እሷ ናት። ከራሷ ገብስ ሌላ ለሦስት ነጋዴ ታሰላለች፤ በወረቀት አይደለም፣ በጭንቅላቷ። የበዓላችንን ቀን ስነግራት ግን «ያን ቀን ገበያ ነው፤ ገበያ ትቼ አልመጣም» አለችኝ። ለካ ኮሚቴያችን የሐዋሳ፣ የአዲስ አበባና የአሜሪካ ሰው የሚመቸውን ቀን ሲያሰላ፣ የቦሬ ሰው ለቦሬ በዓል መምጣት አለመቻሉን አላየም! ያኑ ማታ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፤ ቀኑ ይለወጥ፣ መዋጮው ላልቻለ ይቅር፣ ቦሬ የቀሩት ሁሉ ይፈለጉ። ከአሜሪካ ትኬት የቆረጠው ልጅ ተቆጣ። አለቃችን ደግሞ ሦስት ሰዓት ያህል ዝም ካለ በኋላ የራሱን የጎን ተቀማጭ ስም ላከ፤ አዶላ ጋራዥ ውስጥ እየሠራ አገኘሁት አለ። እስከ ትናንት 58 ደርሰናል። ቀኑ በአንድ ቀን ተገፍቷል።

ለእናቴ ገና አልነገርኳትም። በእሷ ስም እንደዋሸሁ አታውቅም። በስልክ የሚሆን ስላልመሰለኝ፣ ቦሬ ስገባ እሳቱ ዳር እነግራታለሁ ብዬ ነው።

ተራ ቁጥር 32ን ግን መዝግቤያታለሁ። መዋጮው ይቅርልሽ ስላት በጣም ተቆጥታ፣ ለዕለቱ የሚሆን ሃምሳ ኪሎ ገብስ አመጣለሁ ብላለች፤ ግማሹ ለቆሎ፣ ግማሹ ለገንፎ። የኮሚቴያችን ገንዘብ ያዥ የባንክ ሠራተኛ ነው። በብር የተሞላውን ሠንጠረዥ ይዞ ትናንት ማታ ግሩፑ ላይ «ገብሱን በየትኛው ረድፍ ልመዝግበው?» ብሎ ጠይቋል። እስካሁን የመለሰለት የለም።