የነጠላ ዘርፍ

ከአውሮራ ተነሥተን ከሁለት ሰዓት በላይ ነድተን ነው አንቴሮ የደረስነው። ኮሎራዶ ውስጥ ሳውዝ ፓርክ የሚባለው ሜዳ ላይ ያለ የግድብ ሐይቅ ነው። ከፍታው ከ2,700 ሜትር ያልፋል፤ ነፋሱ የደብረ ብርሃንን ያስንቃል። በረዶው ውኃውን ከለቀቀ ገና ሳምንቱ ነበር።

ይዘውኝ የሄዱት የሥራ ባልደረባዬ፣ አዛውንቱ፣ አምስተኛውን ትራውት ዓሣ ሲያወጡ እኔ ባዶ እጄን ነበርኩ። መንጠቆዬ ከሳቸው አይለይም፤ እጄ ግን አያርፍም። እወረውራለሁ፣ እጎትታለሁ፣ ደግሞ እወረውራለሁ። በመጨረሻ የአንዱን ዓሣ ሆድ ቀደው አሳዩኝ። ጥቁር አዝሙድ የጠገበ ይመስላል። ጠጋ ብዬ ሳይ አዝሙዱ ይላወሳል።

የማትናከስ ትንኝ ናት። ዕጯ ከሐይቁ ሥር ጭቃ ውስጥ ትኖራለች፤ እንደ እኛው ሄሞግሎቢን ስላላት ብዙ ጊዜ ቀይ ናት። ቀጥሎ ሙሽሬ ትሆናለች። ይህን ስም ማን እንዳወጣላት እንጃ፣ ራሷ ላይ ያለውን ነጭ መተንፈሻ ሳያይ ግን አልቀረም። ከቆዳዋ ሥር አየር አጠራቅማ፣ በዝግታ፣ እየቆመች ወደ ላይ ትወጣለች። ትራውቱ እየዞረ ይለቅማታል። የእኔዋ የክር ትንኝ እንደ ሚዳቋ ስትፈተለክ ምን ብሎ ያምናት?

ማታ ትንኟን በክር አስመስዬ ልሠራ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትንሿን ሞርሳ አሰርኩ። ጎባጣ መንጠቆ፣ ቁጥር 14፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ጨሌ አጠለቅኩ፣ ጥቁር ክር ጠመጠምኩ፣ በላዩ ቀጭን ቀይ የመዳብ ሽቦ አዞርኩበት። ልትጠይቀኝ ከአገር ቤት የመጣችው እናቴ ከኋላዬ ቆማ ታያለች።

«አንተ፣ ትንኝ ለመሥራት ነው አሜሪካ የመጣኸው?»

ሣቄን ሳልጨርስ ክሩን ከእጄ ወሰደችው። «አላልተኸዋል፤ እንዲህ ወፍራም ትንኝ የት አይተሃል?» ከልጅነቷ ጀምሮ ጥጥ የፈተለ ጣት ነው፤ ምራቋን አስነክታ አከረረችውና በስሱ፣ አንዱን ዙር ካንዱ አስጠግታ ጠመጠመችው። የገዛሁት ነጭ ክር ለመተንፈሻው ደንዳና ሆነባት። ከነጠላዋ ዘርፍ አንድ ክር መዘዘች፣ ፈታችው፣ ከጨሌው አናት ላይ አሰርነው። በላዩ ሙጫ ጠብ አደረግኩ።

«ለዓሣ ነጠላ ማልበስ!» አለች።

በሳምንቱ ተመለስን። አዛውንቱ ጀልባዋን ከፊትም ከኋላም በመልሕቅ አሰሯት፤ ከተወዛወዘች መንጠቆውንም ትጎትተዋለች። መንጠቆው ላይ ፒንሳ አስነክሰው እስከ ወለሉ አወረዱት፣ ተንሳፋፊዋን ኳስ ከዚያ ለክተው አሰሯት፤ ትንኟ ከጭቃው ግማሽ ሜትር ከፍ ብላ እንድትንጠለጠል። እኔ እጄን ጭኔ ሥር አስገባሁት። እውነቴን ነው፣ ተቀመጥኩበት። ሃያ ደቂቃ ያህል ምንም የለም። ነፋሱ ብቻ ውኃውን ያጨማድዳል። ከዚያ ኳሷ ሳትንቀጠቀጥ፣ ሰው ከሥር በጣቱ እንደሳባት፣ ስምጥ አለች።

ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር ያለው ቀስተ ደመና ትራውት ነበር። ቤት ይዤው ስገባ እናቴ አየችውና ፊቷን መለሰች። «ሑዳዴ መሆኑን ረሳኸው? ፍሪዘር ውስጥ ክተተው፣ ለፋሲካ ይሁን።» ቀጥላ ትንኟን አምጣ አለችኝ። የዓሣው ጥርስ ነጩን ክር በጣጥሶት ነበር። መነጽሯን አጥልቃ አገላብጣ አየችው፤ የነጠላዋን ዘርፍ ወደ መብራቱ አስጠግታ ሌላ ክር መፈለግ ጀመረች።