ተራራው ከጀርባችን ነው፤ ዕቃውን በጋራ እንግዛ

ከተማችን የተወለደችው ከድንኳን ነው። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ከነሠራዊታቸው ሰፍረው ሳለ ብርዱና ንፋሱ በረታ፣ ማገዶውም ራቀ። ቤተ መንግሥቱ ቀስ በቀስ ወደ ፍልውሃ ወረደ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከዚያ ብርድ የወረደች ከተማ ልጆች ዛሬ ቅዳሜ ሲደርስ ወደ ላይ ቀና እንላለን። ሕንፃው፣ አቧራውና የታክሲ ሰልፉ ሰልችቶን አንዲት ሌሊት ከዋክብት ሥር ማደር ያምረናል።

ለእኛ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ተራራው ጎረቤታችን ነው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ወደ ላይ የሚወጣው ሰው በዝቷል፤ ስልካችን ላይ የሚመጣው ማስታወቂያም ተቀይሯል። መኪና ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን፣ የስኪ (የበረዶ መንሸራተቻ) መጫኛ፣ ተጣጣፊ ወንበር፣ ማቀዝቀዣ የሚያሠራ ትልቅ ባትሪ ያሳየናል። ዋጋውን ያየ ወጣት «ይሄ የሀብታም ነገር ነው» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ይህን ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ። ተራራው የሁላችንም ነውና ስለ ዕቃው የማስበውን ልጻፍ።

በመጀመሪያ ሮቤል ተክለማርያምን ላስታውስ። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ሰው ነው። በ15 ኪሎ ሜትር የስኪ ውድድር 83ኛ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ባንዲራችንን ይዞ ተመለሰ። በረዶ በሌለበት አስፋልት ላይ የሚለማመደው ትንንሽ ጎማ በተገጠመለት ስኪ ነበር። እኔ ከእሱ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፤ ዕቃ ከቦታው ጋር መስማማት አለበት። ማስታወቂያው የሚያሳየን አብዛኛው ዕቃ የተሠራው በረዶ ለሚጋገርበት ሀገር ነው። የእኛ ተራራ የሚጠይቀው ሌላ ነው።

የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል። ደመና የለምና የሚመልሰው ነገር የለም። ቀን በሸሚዝ የዋለ ሰው ሌሊት ጥርሱ የሚንገጫገጨው ለዚህ ነው። ስሜን ተራሮች ላይ ግጭና ጨነቅ የሚባሉት የካምፕ ቦታዎች፣ ባሌ ላይ ደግሞ የሳነቲ አምባ ከዚህም ይብሳሉ፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርድና ጠዋት ድንኳኑ ላይ አመዳይ ይገኛል።

ብዙ ሰው ለዚህ ብርድ ወፍራም መሸፈኛ ይገዛል። ሙቀታችንን በብዛት የሚወስደው ግን ከሥራችን ያለው መሬት ነው። ስንተኛ ከታች ያለው የስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ሙሌት በክብደታችን ይጨፈለቃል፤ የተጨፈለቀ ነገር ደግሞ አየር አይዝም፣ አያሞቅምም። ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ፍራሹ ላይ ይውጣ። የፍራሽን ብርድ የመከላከል አቅም የሚነግረን አር ቫልዩ የሚባለው ቁጥር ነው፤ ለእንጦጦ በጋ 3 ወይም 4 ይበቃል። ይህ ካልተገኘ ሁለት የስፖርት ፎም ደራርቦ መተኛት ይቻላል።

ስሊፒንግ ባግ ላይ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት የሙቀት ቁጥሮች ይጻፋሉ። አንዱ ተመችቶን የምንተኛበት ነው፤ ሌላው ተኮራምተን የምናነጋበት የመጨረሻ ጠርዝ ነው። ሻጭ ጎላ አድርጎ የሚያሳየው ሁለተኛውን ነው፤ እናንተ የመጀመሪያውን ተመልከቱ። የላባ ሙሌት ቀላልና ሞቃት ነው፤ ከረጠበ ግን ይሟሽሻል። በክረምትና በበልግ ለሚወጣ ሰው ሰው ሠራሹ ሙሌት ይሻላል። ጋቢያችንም ክብር ይገባዋል፤ በደረቅ ሌሊት ከስሊፒንግ ባግ ላይ ሲደረብ ብርቱ አጋዥ ነው። ጥጥ ስለሆነ ግን ዝናብ ካገኘው ውሃ ተሸክሞ ይቀራል፤ ስለዚህ ሲዘንብ ድንኳን ውስጥ ይቆይ። ስንቁም ከእኛ አይራቅ። እንጦጦ ጫፍ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። በሶ፣ ቆሎና ጭኮ ግን እሳት አይጠይቁም፤ ለመንገድ የሚሆኑ ስንቆች ናቸው።

ወደ መኪናው ልምጣ። የጣሪያ ድንኳን ያምራል፤ ክብደቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ50 ኪሎ በላይ ነው። አንዲት አነስተኛ መኪና እየሄደች ጣሪያዋ ላይ የምትችለው ጭነት በመመሪያ መጽሐፏ ተጽፏል፤ ብዙዎቹ መጫኛ ብረቱን ጨምሮ ከ75 ኪሎ አያልፉም። ከላይ የከበደ መኪና የእንጦጦ ጠመዝማዛ ላይ ያዘነብላል፣ ንፋስም ይገፋዋል። ስለዚህ ከጣሪያ ድንኳን በፊት ጥርሱ ያላለቀ ጎማ፣ አየር ያለው ስኮርት፣ የሚሠራ ክሪክ፣ ጎማ መንፊያና ጠንካራ መጎተቻ ገመድ ይቅደሙ። ጣሪያው ላይ ሁለት አግዳሚ ብረት ከታሰረ፣ ስኪ ለመጫን የተሠራው ረጅም ሳጥን ለእኛ ድንኳንና ፍራሽ ያገለግላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በሰፈራችን በዝቷል። ይህ ለካምፒንግ መልካም ዕድል ነው። ወደ 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከአባዶ ወደ እንጦጦ ጫፍ ሲወጣ ከፍታውን ለመግፋት ብቻ የሚያስፈልገው 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሲወርድ ሞተሩ ከዚያ ላይ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። አንዳንዶቹ መኪኖች ደግሞ ከባትሪያቸው ለውጭ ዕቃ መብራት ይሰጣሉ፤ የቡና ውሃ ያፈላሉ፣ ስልክ ይሞላሉ። ያኔ ለብቻው ትልቅ ባትሪ መግዛት አያስፈልግም።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የከሰል ምድጃ ድንኳን ወይም መኪና ውስጥ አታስገቡ፤ ፍሙ የነጣ ቢመስልም አታስገቡ። ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። በከተማችን ቤት ዘግተው ከሰል ያነደዱ ሰዎች በዚህ ሞተዋል፤ ድንኳን ደግሞ ከቤት ይጠባል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ደረስኩ። ይህን ሁሉ አንድ ቤተሰብ ለብቻው ለምን ይግዛ? በዓመት ለጥቂት ሌሊት የሚዘረጋ ድንኳን ሌላውን ጊዜ አልጋ ሥር አቧራ ይጠጣል። እኛ ለዚህ መልስ ያለን ሕዝብ ነን። እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስትና ብረት ድስት አለው። ሐዘን ሲመጣ ማንም ድንኳን ልግዛ ብሎ አይጨነቅም፤ ዕቃው የጋራ ነው፣ መዝገብ አለው፣ ጠባቂ አለው፣ ያበላሸ ይቀጣል። ለሐዘን ያወቅንበትን ለደስታም እናውለው። በአንድ ብሎክ አሥር ቤት ቢዋጣ ሁለት ጥሩ ድንኳን፣ ፍራሾች፣ ራስ ላይ የሚታሰሩ መብራቶችና አግዳሚ ብረት ይገዛል።

ጥቅሙ ከገንዘብ ያልፋል። እናት ሴት ልጇን ለማታውቀው የጉዞ ቡድን ለመስጠት ትሳቀቃለች፤ ከጎረቤቶቿ ጋር ግን በልበ ሙሉነት ትልካለች። መኪና የሌለው ልጅ መኪና ካለው ጎረቤቱ ጋር ይወጣል። ዛሬ እንደ ልብ መሄድ ያልተቻለበት የስሜን መንገድ ሰላሙ ተመልሶ ሲከፈትም፣ እንጦጦ ላይ ብርዱን የለመዱና እርስ በርስ የሚተማመኑ ሰዎች ተዘጋጅተው ይጠብቁታል።

እንጦጦን ከእኛ በፊት በየቀኑ የሚወጡት ሴቶች እንዳሉ አንርሳ። በገመድ የታሰረ የባሕር ዛፍ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፣ በፕላስቲክ ጫማ ያን ቁልቁለት ይወርዳሉ። ለእኛ መዝናኛ የሆነው ለእነሱ እንጀራ ነው። መንገድ እንልቀቅላቸው፣ ሰላም እንበላቸው፣ ቆሻሻችንን ይዘን እንውረድ፤ በበጋ የደረቀ ባሕር ዛፍ ሥርም እሳት አናንድድ።

እንግዲህ የአባዶ ሰዎች፣ በሚቀጥለው የብሎክ ስብሰባ ይህን ሐሳብ አንሡ። መጀመሪያ ፍራሽ፣ ቀጥሎ ድንኳን፣ ቀጥሎ የመኪናው መጫኛ ይገዛ። መዝገብ የሚይዝ አንድ ታማኝ ሰው ምረጡ። ድንኳን እርጥብ ሆኖ እንዳይመለስ ደንብ አውጡ፤ ሻጋታ የጋራ ዕቃ ጠላት ነውና። ከየትኛው ብሎክ እንደሆናችሁና ቤታችሁ ያለውን ዕቃ ጻፉልኝ፤ ያለንን አንድ ላይ ቆጥረን የጎደለውን ብቻ እንግዛ።