ገና ደረጃ ያልወጣለትን ትምህርት ቤት በምን እንመዝነው?

የልጅ ልጄ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ሰፈራችን ውስጥ አንድ አነስተኛ ትምህርት ቤት በቅርቡ ተከፍቷል። ልጅቷ አስም ስላለባት እናቷ፣ “እማዬ፣ እስኪ አንቺ እይልኝ” አለችኝ። ጡረታ ብወጣም ነርስ ነኝና ሄድኩ።

በአገራችን ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ፤ መስፈርቱን አሟላ የሚባለው ደረጃ 3 ሲደርስ ነው። አዲስ ትምህርት ቤት ግን ደረጃም ሆነ ያስፈተነው ተማሪ የለውም። ስለዚህ በዓይን ማየት ግድ ነው።

የግድግዳውን ሥዕል አልፌ በእረፍት ሰዓት ሽንት ቤቱን አየሁ። ውሃ አለ፤ ሳሙና የለም። ግቢው ቀድሞ መኖሪያ ቤት ስለነበር ክፍሎቹ ጠበብ ይላሉ፤ መስኮቶቹ ግን ይከፈታሉ።

ቀጥሎ የተማሪ ደብተር ጠየቅሁ። መምህርቷ ኤክስ አድርጋ ብቻ አላለፈችም፤ ከስህተቱ አጠገብ ትክክለኛውን ፊደል ጽፋለች፤ ልጁም ደግሞ ጽፎታል። ይህን ከሁሉም አስበልጬ ያዝኩት።

በመጨረሻ፣ “ልጅ ትንፋሽ ቢያጥራት ምን ታደርጋላችሁ?” አልኩ። ዳይሬክተሩ “ወላጅ እንጠራለን” አሉ። ወላጅ እስኪደርስ ግን ልጅቷን ቀና አድርጎ አስቀምጦ ፓፏን መስጠት ያስፈልጋል። ይህንኑ ነገርኳቸው። ሳይከፉ ሁለት መምህራን ጠርተው አጠቃቀሙን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ።

በሳምንቱ ስመለስ ሳሙና ተቀምጧል፤ የፓፉም ቦታ ተዘጋጅቷል፣ ቁልፍ የለውም። አዲስ ቤት ጉድለት አያጣም፤ እናንተም ጉድለቱን ስትነግሩት የሚያደርገውን እዩ። ልጄን “አስመዝግቢያት” አልኳት።