በሀደሮ ገበያ የተሸሸገ ነገር

በ1992 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኦሪገን አንድ ሰው ዕቃ ሸሽጎ ስፍራውን በሳተላይት በተለካ ቁጥር ለዓለም ገለጠ፤ ፈልጎ ያገኘውም ስሙን በመዝገቡ ይጽፋል፤ ከውስጡ ቢወስድ ምትኩን ያኖራል። ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። እኛም ወደ ከምባታ ወርደን እንዲህ ያለች ጣሳ በሀደሮ ገበያ ልንሸሽግ አሰብን። ዳሩ ግን ዝንጅብል የሚሸጡ አንዲት ባልቴት ሰምተው፣ «ልጆቼ፣ በዚህ የተሸሸገ ነገር አይወደድም» አሉን።

እውነታቸውን ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ አገር የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ በዘሩ ውስጥ ተሸሽጎ ከእርሻ ወደ እርሻ ተላለፈ፤ ዘሩ ለዓይን ደኅና መስሎ ስለሚታይ ሻጩም ገዢውም አላወቁበትም። ኋላ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ሥሩም በሰበሰ፤ ብዙ ገበሬ ዝንጅብል መትከሉን ተወ። (ያለ ዝንጅብል ሻይ ምን ይጣፍጣል!)

ጣሳችንን ከጉያችን ሳናወጣ ጥቂት ዝንጅብል ገዛን። ባልቴቲቱም ሳንጠይቃቸው አንዱን ሰብረው ውስጡን አሳዩን።