ግመሉ ከከተማ ዳር፥ መኪናው ከበር ውጭ

ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛ ወደ ከተማ በደረሰ ጊዜ ግመሉንና አጋሰሱን ከዳር አሳርፎ ወደ መካከሉ በእግሩ መግባት የአባቶቻችን ልማድ ነበረ። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ባለ መኪና ስለ ሆንን ይህን ልማድ ረስተነዋል፤ መኪናችንን እስከ ሱቁ ደጃፍ ካላደረስን የተጓዝን አይመስለንም። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነበርሁ። ባለፈው ጥር ወር ወደ ጅጅጋ በሄድሁ ጊዜ ያደረግሁት ስሕተትና ከእርሱም ያገኘሁት ትምህርት አሳቤን ስለ ለወጠው፥ ለሌላው ቤተ ሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ይህን ጻፍሁ።

የጉዞው ምክንያት እንዲህ ነው። በጅጅጋ በመምህርነት የምትኖረው ታናሽ እኅቴ የመጀመሪያ ልጅዋን ወለደች። እናቴም ይህን በሰሙ ጊዜ «አራስ ልጄን በዓይኔ ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብለው ተነሡ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋና ጉልበታቸውንም የሚያማቸው ስለ ሆነ፥ በራሴ መኪና ልወስዳቸው ቈረጥሁ። አንድ ማሰሮ የተነጠረ ቅቤና ለገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄት ጭነን፥ የዘጠኝ ዓመት ልጄንም አስከትለን ከአዲስ አበባ ተነሣን።

መጀመሪያ ያደርነው በድሬዳዋ ነበረ። ልጄ ስለዚህች ከተማ ቢጠይቀኝ የአመሠራረትዋን ነገር አጫወትሁት። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ፥ ዛሬ በሶማሌ ክልል ሰሜን በሚገኙት በደወሌ፥ በአይሻ፥ በአዲጋላና በሽንሌ በኩል እየተዘረጋ ሲመጣ፥ ነጋዴው ሁሉ ተስፋ ያደርግ የነበረው ወደ ሐረር እንዲደርስ ነው። ነገር ግን ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተሠራች ከተማ ናትና፥ ሐዲዱን በዚያ ገደል ላይ ለማውጣት የሚያስፈልገው ድካምና ወጪ እጅግ ብዙ ሆነ። ስለዚህ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ ቆመ፤ በዚያም ድሬዳዋ ተቈረቈረች። ወደ ሐረር የሚሄደው መንገደኛ ከባቡር እየወረደ በበቅሎ ዳገቱን ይወጣ ነበር፤ ዕቃውም በአህያና በግመል ይጓዝ ነበር። ትልቁ ተሽከርካሪ ከታች ቀርቶ፥ ለቦታው የሚስማማው ትንሹ ወደ ከተማው ያደርስ ነበር ማለት ነው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ሐረር ግን ከንግድዋ ብዙውን ለድሬዳዋ ብትለቅም የባቡር ሐዲድ ሳይገባባት ኖረች። ይህን ለልጄ ስነግረው ነገሩ ለእኔው ለራሴ ምሳሌ መሆኑን ገና አላስተዋልሁም ነበር።

በማግሥቱ ሐረርን ስንመለስ እናያታለን ብለን በዳርዋ አልፈን ወደ ምሥራቅ ገሠገሥን። በለውዝዋ የታወቀችውን ባቢሌን አለፍን። ከዚያም በዳካታ ሸለቆ፥ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሰው የደረደረው እስኪመስል ድረስ ተነባብሮ ሲታይ እናቴ «የእግዚአብሔር ሥራ ዕጹብ ነው» እያሉ አደነቁ። ፋፈንን ተሻግረን በ1970 ዓ.ም. ጦርነት ስሙ የገነነውን የካራማራን ተራራ ወጥተን በወረድን ጊዜ፥ የጅጅጋ ሜዳ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ታየን።

ጅጅጋ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ሜዳ ላይ የተሠራች፥ ዛሬ የሶማሌ ክልል ርእሰ ከተማ የሆነች ናት። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ በጕድጓድ ውሃዋ አጠገብ ያርፍ ስለ ነበረ፥ ስምዋ በ19ኛው መቶ ዓመት የመንገደኞች ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ ከተማይቱ ራስዋ የተወለደችው ከማረፊያ ነው። ዛሬም ከቶጎ ውጫሌ በኩል ከጠረፍ የሚመጣው ዕቃና ከገጠር የሚመጣው ከብት በእርስዋ ይገናኛል።

ወደ ከተማው ስንቃረብ ከመንገዱ ዳር አርብቶ አደሮች ግመሎቻቸውን አንበርክከው፥ እግራቸውን አስረው፥ ለአንድ ብላቴና አደራ ሰጥተው ወደ ገበያው በእግራቸው ሲሄዱ አየን። ሻይ ልንጠጣ በወረድንበት ስፍራ ልጄ ሻይ ሻጭዋን «ስለ ምን ግመሎቹን ይዘዋቸው አይገቡም?» ብሎ ጠየቃት። እርስዋም ፈገግ ብላ «ግመል ጠባብ ቦታ ሲገባ ራሱም ይደነግጣል፥ ሰውንም ያስደነግጣል፤ እዚህ ቢያርፍ ለሁሉም ይሻላል» አለችው። ቃሉን ሰማሁት፤ ነገር ግን ወደ ልቤ አላስገባሁትም።

በማግሥቱ እናቴ ለሕፃኑ መታጠቢያ ሳፋ፥ ለአራስዋም የሙቅ መያዣ ቴርሞስና ጥቂት ጨርቅ ለመግዛት ፈለጉ። የእኅቴ ባል «መኪናውን ከሰፊው አስፋልት ዳር ጠባቂ ባለበት ግቢ እናቁመውና፥ ወደ ገበያው በባጃጅ እንግባ» ብሎ መከረኝ። እኔ ግን «እናቴን በዚህ ፀሐይ ከመኪና መኪና አላዘዋውርም» ብዬ እንቢ አልሁ፤ መኪናዬንም ወደ ገበያው መካከል ነዳሁ።

መንገዱ እየጠበበ ሄደ። በግራና በቀኝ ጨርቅ ሻጮች፥ ወተት ሻጮች፥ የእጅ ጋሪ የሚገፉ ወጣቶች ሞልተው ነበር። አንዲት መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ዕቃ የጫነ ጋሪ ከፊታችን ገጠመን፤ ከኋላችንም ባለ ሦስት እግሮቹ ባጃጆች ተሰልፈው ቆሙ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ አልተቻለም። ሰዉ ሁሉ ይጮኻል፥ ጡሩምባው ይነፋል። በዚያ መካከል አንድ ወጣት መስኮቴን መታና «አዴር፥ ምጥ የያዛት ሴት ይዣለሁ፤ እባክዎ መንገድ ይልቀቁልኝ» አለኝ። አዴር ማለት በሶማልኛ የአባት ወንድም ማለት ነው፤ ወጣቶች ታላቃቸውን በአክብሮት የሚጠሩበት ቃል ነው። እንዲህ በአክብሮት ቢጠራኝ ኀፍረቴ በዛ፤ ልለቅለት ብፈልግም የምለቅበት ስፍራ አልነበረምና።

ነጋዴዎቹ የዘረጉትን ዕቃ ያነሡ ጀመር፤ ጕልማሶችም ጋሪውን ወደ ኋላ ለመመለስ ይታገሉ ነበር። ሴቲቱ ግን መታገሥ ስላልቻለች፥ እናትዋ በአንድ እጅዋ ደግፋ ከባጃጁ አወረደቻትና በእግር ጉዞ ጀመሩ። በመኪናዬ አጠገብ በደረሱ ጊዜ ምጡ ጠናባትና፥ ሁለት እጅዋን በመኪናዬ አፍንጫ ላይ ጥላ ጐንበስ ብላ ቆመች። ከእኔ ጋር በመስታወት ብቻ ተለያይተን ነበር። ይህን በማይ ጊዜ እናቴ አንዳች ቃል ሳይናገሩ በሩን ከፍተው ወረዱ። በማያውቁት ቋንቋ የምትናገረውን ሴት በሌላው ክንድዋ ደግፈው፥ ከእናትዋ ጋር ሆነው፥ ነጠላቸው አቧራ እየጠረገ፥ እስከ ሰፊው መንገድ ድረስ ወሰዱዋት። በዚያ ሌላ ባጃጅ ተገኝቶ ወደ ሐኪም ቤት አደረሳት።

እኔ ከዚያ ስፍራ የወጣሁት ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። እናቴን ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አልተቈጡም። «ልጄ፥ ለእኔ ጉልበት ብለህ የሰው መንገድ ዘጋህ። እኔ እያረፍሁ መሄድ እችላለሁ፤ ምጥ ግን አያሳርፍም» አሉኝ። ከዚህ የሚበልጥ ተግሣጽ በሕይወቴ አልሰማሁም።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ስለ ሴቲቱ ሳይጠይቁ አልዋሉም። በሦስተኛው ቀን የእኅቴ ባል ያንን ባለ ባጃጅ ፈልጎ አመጣልን። ወጣቱም ሴት ልጅ እንደ ተወለደች፥ እናቲቱም ደክማ ብትተኛም ደኅና እንደ ሆነች ነገረን። እናቴ ከማሰሮው ቅቤ እኩሌታውን በሌላ ዕቃ ከፍለው «ለአያቲቱ ስጥልኝ» ብለው ሰጡት። እርሱም «አየዮ» ብሎ፥ ማለት አያቴ ብሎ፥ እጅ ነሥቶ ተቀብሎ ሄደ።

በቀረው ሰሞን መኪናዬን በማለዳ ጠባቂ ባለው ግቢ እያቆምሁ በባጃጅ ወደ ገበያ እንገባ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ያጠፋሁበትን መንገድ በሩብ ሰዓት ጨረስሁት። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ በመኪና እቸኵላለሁ ብዬ የዘገየሁ እኔው ነኝ።

አንባቢ ሆይ፤ ነገሩን በአኃዝ ብንመለከተው ይበልጥ ይገለጥልናል። አንዲት የቤት መኪና አራት ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አላት፤ ብዙ ጊዜም አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ይዛ ትሄዳለች። ስድሳ ሰዎች እያንዳንዳቸው በየመኪናቸው ቢመጡ፥ መኪኖቹ ተጠጋግተው ቢሰለፉ እንኳ 270 ሜትር መንገድ ይይዛሉ። እነዚሁ ስድሳ ሰዎች አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ባለው አንድ አውቶቡስ ቢሳፈሩ ግን የሚይዙት የሦስት መኪና ስፍራ አይሞላም። ከዚህም ሌላ መኪና ገበያ ውስጥ ከገባች በኋላ ባለቤትዋ ጕዳዩን እስኪፈጽም ድረስ ያለ ሥራ ቆማ፥ እግረኛው የሚያልፍበትን ስፍራ ትይዛለች።

ስለዚህ በሌላው ዓለም ያሉ ከተሞች መኪናን ከዳር አቁሞ በአውቶቡስ መሳፈርን ሥርዐት አድርገውታል። በእንግሊዝ አገር የምትገኘው የኦክስፎርድ ከተማ ጎዳናዎችዋ ጥንታውያንና ጠባቦች ስለ ሆኑ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ቋሚ ማረፊያ ከከተማው ዳር አቋቁማ፥ ባለ መኪናው መኪናውን ከዚያ ትቶ በአውቶቡስ እንዲገባ አደረገች። በእኛም አገር በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው ቀላል ባቡር፥ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎችና ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ሲዘረጋ፥ ከዳር ያለው ሰው ያለ መኪና ወደ መካከል እንዲገባ መንገድ ከፍቷል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውም «መንገድ ለሰው» የተባለው ዝግጅት፥ ጎዳና ከመኪና በፊት የሰው መሆኑን ለብዙዎች አሳይቷል።

ነገር ግን ማረፊያ ከዳር መኖሩ ብቻውን አይበቃም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ አዲሱ የምድር ባቡር ጣቢያዎቹን በአዲስ አበባ ለቡ ላይ፥ በድሬዳዋም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የሠራቸው። ተሳፋሪው ከባቡር በወረደ ጊዜ ወደ መካከል የሚያስገባው ተሽከርካሪ ቆሞ ካልጠበቀው፥ በባቡር ያተረፈውን ጊዜ በጣቢያው በር ያጠፋዋል። እንዲሁም ለመኪና ማረፊያ የታመነ ጠባቂ፥ የሌሊት መብራት፥ ጥላ፥ ለእናቶችና ለሕፃናት መጸዳጃና ውሃ ያስፈልገዋል። ከዚያ ወደ ገበያው የሚያመላልሰውም ባጃጅ ወይም አውቶቡስ ቶሎ ቶሎ የሚገኝ፥ ዋጋውም የታወቀ ሊሆን ይገባል። በሽተኛን፥ ነፍሰ ጡርንና አካሉ የደከመን ሰው የያዘ ተሽከርካሪ ግን ምንጊዜም ይለፍ፤ እኛ ጤነኞች ከመንገዱ ገለል የምንለውም ለእርሱ ነውና።

ስንመለስ ወደ ሐረር ገባን። ይህች ከተማ በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ የተከበበች ናት፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች ተቈጥራለች። የጥንት በሮችዋ አምስት ናቸው፤ በቀድሞ ዘመን እንግዳ ሰው ጦሩን ከበር ጠባቂ ዘንድ አኑሮ ይገባ ነበር ይባላል። እኔም መኪናዬን እንደ ጦር ቈጥሬ ከግንቡ ውጭ ትቼው በእግር ገባን። የፈረስ ገበያ ከነበረው ከፈረስ መጋላ ተነሥተን «መኪና ግርግር» ወደሚባለው ጠባብ ጎዳና ስንደርስ ልጄ ስሙን ሰምቶ «እንግዲያው መኪና የሚበዛበት ይህ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ነገር ግን የስሙ መነሻ አውቶሞቢል አይደለም፤ ሰፊዎች በሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው የሚያሽከረክሩት የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው። መንገዱን የዘጋ ማንም ስላልነበረ ያንን ድምፅ ጥርት አድርገን ሰማነው።

እናቴ በየደጃፉ ጥቂት እያረፉ፥ ከሰፊዎቹ ጋር እየተጫወቱ፥ ለልጅ ልጃቸው አንዲት ትንሽ ቀሚስ አሰፍተው እስከ ማታ ከእኛ ጋር ዞሩ። ጉልበታቸው አላስቸገራቸውም ማለቴ አይደለም፤ እያረፉ ሄዱ። ወደ በሩ ስንመለስ ግን «የዛሬው መንገድ ጥሩ ነበር፤ ማንንም አላስጨነቅንበትም» አሉኝ። እኔም መኪናዬን ከተውሁበት ስፍራ አገኘሁት፤ ለጠባቂውም ዋጋውን ከፍዬ ከምስጋና ጋር ተሰናበትሁት።