3,000 ሰዓት

ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ የቤት ሥራ ሳትሠራ መጥታ ክፉኛ ተቆጣኋት። ለካስ እናትና አባቷ ሌሊቱን ሲጣሉ ነው የሚያድሩት። አፈርኩ! ይህን የማስማማት ሙያ ብማረውስ ብዬ፣ ካሊፎርኒያ የትዳርና የቤተሰብ አማካሪ ለመሆን የምትማረውን አክስቴን በስልክ ጠየቅኋት።

«አንተ ልጅ፣ ማስተርስ ብቻ መሰለህ?» አለችኝ። እዚያ ፈቃድ ለማግኘት በባለሙያ ቁጥጥር ሥር 3,000 ሰዓት መሥራት ግድ ነው፤ ቢያንስ 500ው ከጥንዶች፣ ከቤተሰብና ከልጆች ጋር። ሁለት ፈተናም አለ። ጥፋተኛውን መለየትማ ሥራቸው አይደለም። (የኛ ሽማግሌዎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?)

እኔ ያችን ልጅ ጥፋተኛ ለማለት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ልምምዴ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ ነገ ደወል ሳይደወል አናግራታለሁ።